የተላከ መልእክት ሲጠፋ ከማን ስልክ ነው የሚጠፋው? (ቴሌግራም፣ ዋትስአፕ እና ሌሎቹ)

የማኅበር ጸሐፊ

ሰላም ለሁላችሁ። አባላቱ አዲስ አበባ፣ ዋሽንግተንና ሪያድ ላሉ ማኅበር አጭር መመሪያ እያዘጋጀሁ ነው። ወርሃዊ መዋጮው የሚነገረው በቴሌግራም ግሩፕ ሲሆን የሪያዶቹ ደግሞ በብዛት ዋትስአፕ ላይ ናቸው። ችግሩ የታወቀ ነው፤ ለገንዘብ ያዡ ብቻ መላክ የነበረበት የባንክ ደረሰኝ ወይም የፓስፖርት ፎቶ ግሩፑ ላይ ይለጠፋል። ላኪው «አጥፍቼዋለሁ» ይላል፣ ሌላው «እኔ ጋ አሁንም አለ» ይላል፣ ክርክር ይነሳል።

የምፈልገው ይህን ነው፦ በየአፑ ለማጥፋት ስንት ጊዜ አለ? ጠፋ ከተባለ በኋላ የት የት ሊቀር ይችላል? አድሚን የሌላ ሰው መልእክት ማጥፋት ይችላል? ስክሪንሹት ከተነሳ እንዳለቀለት አውቃለሁ፤ ጥያቄዬ ከዚያ ውጭ ስላለው ነው።

---

ሰርቨር ጠባቂ

ከቴሌግራም ልጀምር፤ ከሁሉም ለቀቅ ያለው እሱ ነው። ተራው ቻት የሚቀመጠው ቴሌግራም ሰርቨር (የድርጅቱ ማእከላዊ ኮምፒውተር) ላይ ስለሆነ የአንቺም የተቀባዩም ስልክ ከዚያ እያመጡ ነው የሚያሳዩት። እዚያ ከተሰረዘ ከሁሉም ይነሳል። በፈረንጆቹ 2017 ሲጀመር የ48 ሰዓት ገደብ ነበረበት፤ ከማርች 2019 ወዲህ ግን በሁለት ሰዎች ቻት ውስጥ ገደብ የለውም። የላክሽውን ብቻ ሳይሆን የተላከልሽንም፣ ዓመታት ያስቆጠረም ቢሆን፣ ከሁለታችሁም ማጥፋት ይቻላል። «እዚህ መልእክት ነበር» የሚል ምልክትም አይተውም።

አንድሮይድ ላይ መልእክቱን ጫን ብለሽ ትይዣለሽ፣ ከላይ የቆሻሻ ቅርጫት ምልክት ይመጣል፣ እሱን ስትነኪ «ኦልሶ ዲሊት ፎር እገሌ» የሚል ትንሽ ሳጥን ያለበት ጥያቄ ይወጣል። ሳጥኑ ላይ ራይት ሳይደረግ ዲሊት ከተባለ የጠፋው ከላኪው ብቻ ነው። «አጥፍቼዋለሁ»፣ «እኔ ጋ አለ» እያለ የሚያጨቃጭቀው በአብዛኛው ይህ ሳጥን ነው። አይፎን ላይ በሳጥን ፋንታ ሁለት መስመር ይመጣል፤ አንዱ ከሁለታችሁም፣ ሌላው ከአንቺ ብቻ የሚያጠፋው ነው። በግሩፕ ደግሞ አንዳንዱ «ለሁሉም አባላት» የሚል ሳጥን ያሳያል፣ ሱፐርግሩፕ የሚባለው ሰፋ ያለ የግሩፕ ዓይነት ግን ሳጥን ሳያሳይ በቀጥታ ከሁሉም ያነሳል። ስለዚህ ጥያቄው ሲወጣ ሳይነበብ ዲሊት አይነካም።

ከራስሽ ብቻ ካጠፋሽው በኋላ ጫን ብለሽ የምትይዢው ነገር ስለማይኖር ሳጥኑን ዳግም ማግኘት አትችይም። የሁለት ሰው ቻት ከሆነ ተቀባዩ ከራሱ በኩል እንዲያጠፋው መጠየቅ ነው፤ ግሩፕ ከሆነ አድሚኑን።

አድሚን፣ «ዲሊት ሜሴጅስ» የሚለው ፈቃድ ከተሰጠው፣ የማንንም መልእክት ከግሩፕ ማንሳት ይችላል። ይህን ፈቃድ ለሁለት ወይም ለሦስት ሰው መስጠት ይሻላል፤ በተለይ አንዱ አሜሪካ፣ አንዱ አዲስ አበባ ቢሆን ሁልጊዜ ያልተኛ ሰው ይኖራል።

አሁን የሚቀርበት ቦታ። አንደኛ፣ ፎርዋርድ የተደረገ ቅጂ ራሱን የቻለ መልእክት ነው፤ ዋናው ቢጠፋ እሱ ንቅንቅ አይልም። ሁለተኛ፣ አድሚኖች «ሪሰንት አክሽንስ» የሚል መዝገብ አላቸው፤ የተስተካከሉና የተሰረዙ መልእክቶች ለ48 ሰዓት እዚያ ሊታዩ ይችላሉ። ስለዚህ «ከአድሚን በስተቀር» ብለሽ ጻፊው። ሦስተኛ፣ ብዙ ሰው የማያስበው ቦት (ግሩፑ ውስጥ በራሱ የሚሠራ ፕሮግራም) ነው። ግሩፑ ውስጥ የመዋጮ ቆጣሪ ወይም የሰላምታ ቦት ካስገባችሁና መልእክት የማንበብ መብት ካለው፣ መልእክቱ ገና ሲላክ የቦቱ ባለቤት ሰርቨር ደርሷል። ከግሩፕ ሲሰረዝ ለተራ ቦት የሚነግረው የለም፣ ቅጂው እዚያው ይቀራል።

---

ጠጋኝ ከመርካቶ

ቴሌግራሙን በደንብ አስረድተሃል። አንድሮይድ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ የተቀባዩ ቴሌግራም «ሴቭ ቱ ጋለሪ» በርቶ ከሆነ ፎቶው ገና ሲወርድ ጋለሪ ውስጥ ሌላ ቅጂ ይቀመጣል። ቻቱ ላይ ዲሊት መባሉ ጋለሪውን አይነካም።

ዋትስአፕ ሥሪቱ ሌላ ነው። መልእክቱ ከደረሰ በኋላ የሚኖረው በየሰዉ ስልክ ውስጥ ነው እንጂ ሰርቨር ላይ አይደለም። «ዲሊት ፎር ኤቭሪዋን» ሲባል የሚሆነው ሌላ የማይታይ መልእክት መላክ ነው፤ «ያንን መልእክት አንሳው» የሚል። ትእዛዙን የሚፈጽመው የተቀባዩ አፕ ነው። አፑ በጣም ያረጀ ከሆነ ላይፈጽም ይችላል። ጂቢ ዋትስአፕን የመሰሉ የተቀየሩ ቅጂዎች ደግሞ ሆን ብለው ትእዛዙን ችላ የሚሉበት ማብሪያ አላቸው። ማጥፋቱ ካልተሳካ ዋትስአፕ ለላኪው አይነግረውም፤ ላኪው ስልክ ላይ ጠፍቶ ስለሚታይ ሁሉም ጋ የጠፋ ይመስለዋል።

አሠራሩ፦ መልእክቱን ጫን ብሎ መያዝ፣ የቆሻሻ ቅርጫቱን መንካት፣ ከዚያ «ፎር ኤቭሪዋን» እና «ፎር ሚ» ከሚሉት መምረጥ። ሰው ተደናግጦ «ፎር ሚ» ከነካ ከታች «አንዱ» (Undo፣ መልሰው ማለት ነው) የሚል ቃል ለ5 ሰከንድ ያህል ይቆያል። ወዲያው ከተነካ መልእክቱ ይመለስና «ፎር ኤቭሪዋን» ማለት ይቻላል። ቴሌግራም ላይ ለአንድ መልእክት ይህ ዕድል የለም።

ሲሳካም ምልክት ይተዋል። በቦታው «ይህ መልእክት ተሰርዟል» የሚል ጽሑፍ ይቀመጣል፣ ግሩፕ ከሆነ ሁሉም ያየዋል። አድሚን የአባልን መልእክት ከሁሉም ማጥፋት ይችላል፤ ያን ጊዜ አድሚኑ እንዳጠፋው ይታያል።

የሚቀርባቸው ቦታዎች ዋትስአፕ ላይ ይበዛሉ፦

ጥቅስ። አንድ ሰው መልእክቱን ይዞ «ሪፕላይ» ካደረገ፣ መልሱ አናት ላይ ያለው የተቀነጨበ ጽሑፍ ዋናው ቢጠፋም ይቀራል። የሒሳብ ቁጥር አጭር ስለሆነ ሙሉውን ነው የሚቀነጭበው። ስለዚህ የመለሰው ሰውም መልሱን ማጥፋት አለበት።

ፎቶ። አይፎን ላይ «ሴቭ ቱ ፎቶስ» የበራ ከሆነ ፎቶው ወደ ስልኩ አልበም ተገልብጧል፣ እዚያ ዋትስአፕ እጁ አይደርስም። አንድሮይድ ላይ ደግሞ «ዋትስአፕ ኢሜጅስ» የሚለው ፎልደር ወደ ጉግል ፎቶስ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) እንዲሆን ከተመረጠ፣ ስልኩ ላይ ያለው ቢነሳም ጉግል ፎቶስ ላይ ያለው ይቀመጣል።

ባክአፕ። አንድሮይድ ላይ ዋትስአፕ በየቀኑ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ስልኩ ውስጥ ባክአፕ ይሠራል፣ እስከ 7 ቀን የቆዩ ፋይሎችንም ያስቀምጣል። ማታ የተላከ ደረሰኝ ጠዋት ከጠፋ፣ የሌሊቱ ፋይል ውስጥ አለ። ያ ሰው አፑን አጥፍቶ ከዚያ ፋይል ከመለሰው መልእክቱ ተመልሶ ይመጣል። በዚህ የሚደክም ሰው ብዙ አይደለም፤ ግን ይቻላል።

---

ቀጭን መስመር

ጊዜውን አልጻፍክም። ዋትስአፕ 1 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ምናምን ነው አይደል?

---

ጠጋኝ ከመርካቶ

እሱ የድሮው ነው። በፈረንጆቹ 2017 መጨረሻ ሲጀመር 7 ደቂቃ ነበር፤ በ2018 1 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሆነ። ከኦገስት 2022 ወዲህ 2 ቀን ከ12 ሰዓት ያህል ነው፣ በጠቅላላው 60 ሰዓት። ድሮ የተጻፉ የዩቲዩብና የፌስቡክ ምክሮች አሁንም አንድ ሰዓት ይላሉ፤ በእነሱ ምክንያት «አልፎበታል» ብሎ የሚተው ሰው አለ።

ጽሑፍ ብቻ ከሆነ ከማጥፋት ማስተካከል ይሻላል፤ በ15 ደቂቃ ውስጥ «ኤዲት» ይቻላል፣ የሚታየውም «ኤዲትድ» የሚል ትንሽ ቃል ብቻ ነው። የቀድሞው ጽሑፍ አይታይም። ቴሌግራም ላይ ኤዲት 48 ሰዓት ነው፤ ፎቶውንም በሌላ ፎቶ መተካት ይቻላል። የተሳሳተ ደረሰኝ ከተለጠፈ በትክክለኛው ተክቶ ዝም ማለት ይቻላል፣ አድሚኑ መዝገብ ላይ ካላየው በቀር።

---

የማኅበር ጸሐፊ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ይህ በጣም ጠቃሚ ነው። ሁለት ነገር ልጨምር። ተቀባዩ ዳታ ዘግቶ ከሆነ፣ መልእክቱ ሳይደርሰው ቢጠፋ ጨርሶ አያየውም ማለት ነው? ሁለተኛ፣ «ኖቲፊኬሽን ላይ አንብቤዋለሁ» የሚሉ አሉ፤ እሱስ ይጠፋል?

---

ሰርቨር ጠባቂ

ምልክቱን ማየት ነው። የሰዓት ምልክት ካለበት መልእክቱ ከላኪው ስልክ ገና አልወጣም። ኔትወርክ ደካማ በሆነበት ጊዜ ይህ ረዘም ላለ ሰዓት ይቆያል፤ ያን ጊዜ ቢጠፋ ጨርሶ አይሄድም። ዳታን ወዲያው መዝጋት የሚረዳውም ሰዓቱ ገና እያለ ብቻ ነው፤ አንድ ራይት ከመጣ በኋላ መዝጋት ትርጉም የለውም። እንዲያውም ይጎዳል፤ ምክንያቱም የማጥፊያ ትእዛዙም አይወጣም።

ዋትስአፕ ላይ አንድ ራይት ማለት ሰርቨር ላይ ደርሶ ተቀባዩን እየጠበቀ ነው። ያልደረሰ መልእክት እስከ 30 ቀን እዚያ ይቆያል። በዚህ መሐል ብታጠፊው፣ ሰውየው ዳታ ሲከፍት «ይህ መልእክት ተሰርዟል» የሚለውን ያያል። ይዘቱን ባያይም የሆነ ነገር እንደላክሽ ያውቃል። ቴሌግራም ላይ ተቀባዩ ዳታ እስኪከፍት ከጠፋ ምንም አይቀርም፣ ምልክት እንኳ።

---

ኤክራን ሰባሪ

የኖቲፊኬሽኑን እኔ ልመልስ። መልእክቱ ሲጠፋ ሁለቱም አፖች ከላይ የመጣውን ኖቲፊኬሽን ያነሱታል ወይም ይለውጡታል። ነገር ግን ከአንድሮይድ 11 ጀምሮ ስልኩ ራሱ «ኖቲፊኬሽን ሂስትሪ» የሚል መዝገብ አለው። ሴቲንግ፣ ኖቲፊኬሽንስ፣ ከዚያ ኖቲፊኬሽን ሂስትሪ። ሳምሰንግ ላይ «አድቫንስድ ሴቲንግስ» ውስጥ ነው የሚገባው። ቴክኖና ኢንፊኒክስ ላይ ቦታው ስለሚለያይ ሴቲንግ አናት ላይ ባለው መፈለጊያ «ሂስትሪ» ብሎ መጻፍ ይቀላል።

ስልኩ ሲገዛ መዝገቡ ዝግ ነው፤ ከተከፈተ በኋላ የመጣውን ብቻ፣ ያውም ለ24 ሰዓት ነው የሚይዘው። ጽሑፉን እንጂ ፎቶውን እንደወረደ አያስቀምጥም፣ ረጅም ጽሑፍም ይቆርጣል። ግሩፑ ሚዩት ከሆነ ወይም ሰውየው ቻቱን ከፍቶ እያየ ከነበረ ብዙ ጊዜ ኖቲፊኬሽን ስለማይመጣ የሚመዘገብ የለም። የስም፣ የሒሳብ ቁጥርና የኮድ ጽሑፍ ግን ለዚህ መዝገብ ልኩ ነው፤ አጭር ስለሆነ ሙሉው ይገባል።

እግረ መንገዴን አባላቱን አስጠንቅቂልኝ። «የጠፋ መልእክት ያሳያል» የሚሉ አፖች ሲጫኑ የሚጠይቁት ፈቃድ ኖቲፊኬሽን በሙሉ የማንበብ ነው። ይህን ያገኘ አፕ የዋትስአፑን ብቻ አይደለም የሚያነበው፤ በኤስኤምኤስ የሚመጣ የባንክና የቴሌብር ማረጋገጫ ኮድም ስክሪኑ ላይ ብቅ ካለ ያነበዋል። የአክስት ልጅ ምን ብላ እንዳጠፋች ለማወቅ ሲባል የባንክ ኮድ ለማያውቁት ሰው መስጠት ነው። የጫነ ካለ ሴቲንግ ውስጥ «ኖቲፊኬሽን አክሰስ» ገብቶ ያልታወቀውን ይዝጋ።

---

ዲሲ ማታ

አሜሪካ ያሉት አባላት በብዛት አይፎን ስለሚይዙ አይሜሴጅንም ጨምሪ። ከአይኦኤስ 16 ጀምሮ መልእክቱን ጫን ብሎ ይዞ «አንዱ ሴንድ» (Undo Send) የሚለው ይነካል፤ ያለው ጊዜ 2 ደቂቃ ብቻ ነው። ኤዲት 15 ደቂቃ፣ እስከ 5 ጊዜ። የተቀባዩ ስልክ ከአይኦኤስ 16 በታች ከሆነ መልእክቱ እሱ ጋ እንዳለ ይቀራል። አረንጓዴ የሆነው ደግሞ አይሜሴጅ አይደለም፣ ብዙ ጊዜ ኤስኤምኤስ ነው፤ ኤስኤምኤስ አንዴ ከሄደ ሄደ፣ የትም አገር።

ሜሴንጀር «አንሴንድ» ሲጀምር በ2019 10 ደቂቃ ነበር የሚሰጠው፣ አሁን ያ ገደብ ተነስቷል፤ ግን «እገሌ መልእክት አንስቷል» የሚል ይተዋል። ሲግናል 24 ሰዓት ነው።

---

ቀጭን መስመር

እህት ጸሐፊ፣ ግሩፑን «ዲሳፒሪንግ» ላይ ብታደርጉትስ? በራሱ ይጠፋ ነበር።

---

ሰርቨር ጠባቂ

ለማኅበር ግሩፕ አልመክረውም። ዋትስአፕ 24 ሰዓት፣ 7 ቀን ወይም 90 ቀን ያስመርጣል፤ ቴሌግራም ለምሳሌ አንድ ቀን፣ አንድ ሳምንት፣ አንድ ወር። መዋጮ ማን ከፈለ ማን አልከፈለም የሚለው ጭቅጭቅ ግን ሲነሳ ወራት አልፈው ነው፤ ያን ጊዜ ማስረጃው በራሱ ጠፍቷል። ደረሰኝ ግሩፕ ላይ እንዳይለጠፍ መከልከል ይበልጣል፤ ለገንዘብ ያዥ በግል ይላክ፣ ግሩፕ ላይ ስምና ወር ብቻ ይጻፍ።

የፓስፖርት ወይም የመታወቂያ ፎቶ የግድ ከሆነ ዋትስአፕ ላይ «ቪው ዋንስ» አለ። ፎቶውን ከመላክ በፊት ጽሑፍ መጻፊያው አጠገብ በክብ ውስጥ ያለችውን 1 ቁጥር መንካት ነው። አንዴ ተከፍቶ ሲዘጋ ይጠፋል፣ ስክሪንሹትም ይከለክላል፤ በ14 ቀን ውስጥ ካልተከፈተ ራሱ ይከስማል። በሌላ ስልክ ካሜራ ከማንሳት ግን አያድንም። ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ደግሞ ባለቤቱ «ሪስትሪክት ሴቪንግ ኮንቴንት» ቢያበራ ፎርዋርድና ሴቭ ማድረግ ይዘጋል፤ ከላይ ያነሳሁት የፎርዋርድ ችግር በአብዛኛው የሚቃለለው በዚህ ነው።

ሌላው ቅደም ተከተሉ ነው። የተለጠፈው ፒን፣ ፓስዎርድ ወይም ማረጋገጫ ኮድ ከሆነ መጀመሪያ የሚደረገው መቀየር ነው፤ ማጥፋቱ ሁለተኛ ይሁን። ዲሊት ሲፈለግ የሚባክነው ሰከንድ ኮዱን ላየው ሰው ይበቃዋል። የተለጠፈው ሊንክ ከሆነም ሊንኩ ራሱ እስኪዘጋ መልእክቱን ማጥፋት ብዙ አይረዳም። የጉግል ድራይቭ ፋይል ከሆነ «ሼር» ውስጥ ገብቶ «ጄነራል አክሰስ» የሚለውን «ሪስትሪክትድ» ማድረግ ነው። የቴሌግራም ግሩፕ መጋበዣ ሊንክ ከሆነ አድሚኑ «ሪቮክ» ያድርገው፤ አሮጌው ሊንክ ያኔ ይሞታል።

ደግሞ እባካችሁ «ይቅርታ በስህተት ነው፣ እንዳታዩት» ብሎ ከማጥፋት በፊት መጻፍ ይቅር። ሚዩት ያደረገውም ሁሉ ያን ጊዜ ነው ተሯሩጦ የሚከፍተው።

---

የማኅበር ጸሐፊ

ይህን የመጨረሻውን በትልቁ ነው የምጽፈው። አንድ ብቻ ቀረኝ፤ ሁለት አባላት ለብዙ ዓመት በቴሌግራም የተጻጻፉትን የሒሳብ ቁጥርና ደረሰኝ አንድ በአንድ ሳይለቅሙ ማንሳት ይፈልጋሉ። ሙሉ ቻቱን ግን ማጥፋት አይፈልጉም።

---

ሰርቨር ጠባቂ

በቀን መርጦ ማጥፋት ይቻላል፤ ለሁለት ሰዎች ቻት ነው የሚሠራው። ቻቱን ወደ ላይ ሲስቡ መሐል ላይ ቀኑ የተጻፈበት ትንሽ መስመር ብቅ ይላል፣ እሱን ሲነኩ ካላንደር ይከፈታል። «ሴሌክት ደይስ» ብለው ከዚህ እስከዚህ ቀን ይመርጡና «ክሊር ሂስትሪ» ይላሉ። እዚህም ያቺ «ኦልሶ ዲሊት ፎር» የምትለው ሳጥን ትመጣለች፤ ራይት ካልተደረገባት ከአንዱ ብቻ ነው የሚነሳው። ካላንደሩ ላይ ፎቶ የተላከባቸው ቀኖች ትንሽ ምስል ስለሚታይባቸው የደረሰኝ ቀኖችን ለይቶ ማግኘት አይከብድም። በእነዚያ ቀኖች ውስጥ ሊቀር የሚገባው ነገር ካለ አስቀድመው «ሴቭድ ሜሴጅስ» ወደሚለው ፎርዋርድ ያድርጉት፤ ከተነሳ በኋላ መመለሻ የለውም።